አንድ መቶ አርባ ዘጠኝ

«እሷ ለክታው ከሆነ ልክ ነው» አለ አጎቷ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ማዶ። «የከዳኝ እጄ ነው።»

የልኬት ባለሙያዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳስገባች ቀረች። በእሷ ክፍልና በወጥ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ የአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ ስላለው፣ ማንኪያ ሳህን ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይሰማል፤ ሆኖም እዚህ ቤት በኖረችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት የአጎቷን ድምፅ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምታው አታውቅም። ሚስቱ የምትመልስለትን ለመስማት ጠበቀች። ሚስቱ የመለሰችለት ስለ ጋዝ ነበር፤ ሲሊንደሩ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መወደዱን፣ ያም ሆኖ ባለፈው የመጣው ሙሉ ስለመሆኑ እንደምትጠራጠር ነገረችው።  ቆይታ «ዛሬ ትፈርማለህ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለ። «ፈርሜ ቁልፉን አስረክባለሁ። እኔ ራሴ የማላምነውን እጅ በሰው ዕቃ ላይ አላሳርፍም።» በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደ ሰሞኑ ሁሉ ዛሬም ከእሷ ቀድሞ ወጣ።

የሚፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል ባለሙያዋ ታውቃለች፤ መነሻው የእሷ ቁጥር ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የልኬት ተቋም ውስጥ ነው። እሱ በምድር ቤቱ ወርክሾፕ ክሪስታል ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክሪስታሉ ለኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ትለካለች። ክሪስታል ቮልቴጅ ሲያገኘው በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ይለውጠዋል፤ አንዱ በጥቂት ቮልት ብዙ ይለውጣል፣ ሌላው ይለግማል። ይህን የሚገልጸውን ቁጥር የክፍሉ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ «ታዛዥነት» ይሉታል። ደንበኞቻቸው የሚፈልጉት ደግሞ በሚታይ ብርሃን የተለካውን ታዛዥነት አይደለም፤ ከቀይ ዝቅ ብሎ፣ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ በሚሉት ብርሃን የተለካውን ነው፤ መሣሪያዎቻቸው የሚሠሩት በእሱ ነውና። ከሦስት ሳምንት በፊት አጎቷ የቆረጣቸው ስድስት ክሪስታሎች እሷ ዘንድ መጡ። ከሁለት መቶ በላይ መሆን የነበረበት ቁጥር አንድ መቶ አርባ ዘጠኝ ሆኖ ወጣ፤ ስድስቱም እዚያው አካባቢ ዋሉ። ይህ የክሪስታል ዓይነት ሙቀት አይችልም፤ ከስድሳ ዲግሪ ካለፈ ታዛዥነቱን ይጥላል። ለመቆረጥ ግን በቀለጠ ሰም ሳህን ላይ መጣበቅ አለበት። የክፍሉ ኃላፊ ቁጥሩን እንዳየ ሌላ ምክንያት አላሻውም፤ ቆራጩ ሰሙን ሲያቀልጥ ክሪስታሉን አግሎታል ብሎ ደመደመ። ተቋሙ ውስጥ «ጋሽ ዲግሪ» ለሚባል፣ ለማዕዘንም ሆነ ለሙቀት ግማሽ ዲግሪ እንኳ ለማይምር ሰው፣ ከዚህ የከፋ ነገር በወረቀት ላይ ሊጻፍበት አይችልም ነበር። ከፈረመ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል፤ እዚያም ጡረታው እስኪደርስ ካርቶን ያስራል።

እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ተቆጥቷታል ብላ ታስብ ነበር። ከእሷ ቀድሞ ሲበላ፣ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የነበረውን ወንበሩን ወደ ሌላኛው ክፍል ሲወስድ፣ ቁጣ መስሏት ቁጣውን አክብራለት ነበር። ሥራ ሥራ ነው፣ ቁጥር ቁጥር ነው በሚል ልቧን አጽንታ ከርማለች። አሁን ግን ሐፍረት መሆኑን ሰማች። ከዚህም በላይ ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው፤ አጎቷ ቁጥሩ በተነገረው ቀን «ማን ነው የለካው?» ብሎ ጠይቆ፣ ማን እንደሆነ ሲነገረው ዝም ብሏል አሉ። ይህ ሰው ከእሷ በፊት የነበረውን ለኪ አንዱን ክሪስታል ሦስት ጊዜ ያስደግመው፣ በአራተኛው ደግሞ ራሱ ቆሞ ያየው ነበር። የእሷን ቁጥር ግን ማንም አልጠየቀም፤ እሱ ስለወደዳት፣ ኃላፊው ስለተመቸው፣ እሷም የራሷ ስለሆነ።

«ብዪ እንጂ» አለቻት የአጎቷ ሚስት፣ ዳቦውን ወደ እሷ እየገፋች። «አሁንማ አንዱ ዳቦ የድሮው ግማሽ ሆኗል፤ ሁለት ብትበዪም አንድ ነው።»

«እትዬ፣ ጋሼ ሰሙን ሲያቀልጥ ቴርሞሜትሩን ይጠቀማል አይደል?»

«እኔን ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?» አለች ሴትዮዋ፣ ሻይ መቅዳቷን ሳታቆም። «ሽንኩርት ስጠብስ እሳቱ በዛ የሚለኝ ሰው ነው። የቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ።»  ሻዩን ጠጥተው ኩባያዎቹን አጠቡ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላቦራቶሪው ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እንዳይንቀጠቀጥ የተሠራ ከባድ ጠረጴዛ፣ ጥቁር መጋረጃ ያለው አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ማንም የማያነበው የጥንቃቄ ማስታወቂያ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ዕቃዎች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፦ ሌዘር፣ አንደኛ ማጣሪያ፣ ክሪስታሉ፣ ሁለተኛ ማጣሪያ፣ በመጨረሻ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ሴንሰር። እያንዳንዱ ማጣሪያ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ ሁለቱ ተሻግረው ሲቆሙ ምንም አያልፍም፣ ጨለማ ይሆናል። ክሪስታሉ ቮልቴጅ አግኝቶ ብርሃኑን ሲያጣምም ጨለማው ይሳሳል፤ ታዛዥነቱ የሚሰላው ከዚያ ነው። አንድ ክሪስታል ከማኅደሩ አወጣች፣ በለስላሳ ወረቀት ይዛ ቦታው ላይ አቆመችው። እንደ በፊቱ ኢንፍራሬዱን ብታበራ የበፊቱን ቁጥር እንደሚነግራት ታውቃለች። ስለዚህ ሌዘሩን ቀየረች፤ ደንበኛ የማይጠይቀውን፣ ለዓይን የሚታየውን ቀዩን አበራች። አጎቷ አግሎት ከሆነ ክሪስታሉ በቀይም ይለግማል፤ ሙቀት የበላው ታዛዥነት የብርሃን ቀለም አይመርጥም።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።

ደገመችው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት። የሠንጠረዡ መጽሐፍ በቀይ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ይላል። ክሪስታሉ ጤነኛ ነበር። ባለሙያዋ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ የጠረጴዛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች። ደስታው ወይም ድንጋጤው በኋላ ይደርሳል፤ አሁን የሚያስፈልጋት ቅደም ተከተል ነው። አጎቷ ካልተሳሳተ የተሳሳተው ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በኢንፍራሬድ ጊዜ ብቻ የሚሳሳት መሆን አለበት። ሴንሰሩን በታወቀ ብርሃን ፈተሸችው፤ ልክ ነው። ሌዘሩን ፈተሸች፤ ልክ ነው። የቀሩት ማጣሪያዎቹ ናቸው። አንደኛው የቆየው የመስታወት ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ወር በፊት ንብረት ክፍል የመስታወቱን ወስዶ በምትኩ የሰጣት የፕላስቲክ ነው። በዚያ ቀን ያደረገችውን በደንብ ታስታውሳለች፤ መጋረጃውን ገልጣ ሁለቱን ማጣሪያዎች አሻግራ ወደ መስኮቱ አነሣቻቸው፣ ሰማዩ ድቅድቅ ጨለማ ሆነባት፣ «ደህና ነው» ብላ ተቀበለች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አሁን ኢንፍራሬዱን አበራች፣ ማጣሪያዎቹን አሻገረች፣ ከኋላቸው ነጭ ካርድ አቆመች። ካርዱ ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ የስልኳን የፊት ካሜራ ወደ ካርዱ አዞረች፤ ካሜራው ዓይን የማያየውን በጥቂቱ ያያል። ስክሪኑ ላይ፣ መጨለም በነበረበት ቦታ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ክብ ብርሃን ቦግ ብሎ ታየ። ፕላስቲኩ ለዓይን በሩን ዘግቶ ለኢንፍራሬዱ ከፍቶታል። ያለ ቮልቴጅም ሲያፈስ የነበረው ብርሃን ጨለማውን አስቀድሞ ስላሳሳው፣ ቮልቴጁ የሚያመጣው ልዩነት አንሶ ታዛዡን ክሪስታል ለጋሚ አስመስሎታል።

አሥራ አንድ ዓመት የማይታይ ብርሃን ስትለካ ኖራ፣ ማጣሪያ የመረጠችው በዓይኗ ነው። ይህን ለራሷ ሳታለሳልስ ነገረችው፤ ከዚያ የተወሰደባትን የመስታወት ማጣሪያ ፍለጋ ወረደች።

ማጣሪያው የነበረው መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ከቬልቬት ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ከጎኑ «የብርሃን ማጣሪያ፤ አይነካም» የሚል ጽሑፍ ቆሞለታል። የንብረት ኃላፊው የቁልፎቹን ዘለላ ጣቱ ላይ እያዞረ ተከትሏት መጣ።

«ይሄ እኮ ለጎብኚ ነው» አላት።

«ጎብኚ መቼ መጣ?»

«ገና ነው፤ ይመጣሉ ተብሏል።»

«እስኪመጡ እኔ ልጎብኘው።»

አልሳቀም። «እህቴ፣ ከሣጥን ለሚወጣ ዕቃ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ የአለቃሽ የዶክተሩ ነው፤ አንዱ የኔ ነው፤ ሦስተኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«ያንተን አሁን ፈርምልኝ። የዶክተሩን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመጣልሃለሁ። ሦስተኛው ሰውዬ ሲመጣ ደግሞ እኔ ጋ ላከው።»

«ቢሰበርስ?»

«ከደመወዜ ይቆረጥ።»

«ደመወዝሽን እኔ ነኝ እንዴ የማላውቀው?» አለ፣ ቁልፉን ከዘለላው እየለየ። «አራት ወር ሙሉ አየር ትበያለሽ።» ሣጥኑን ከፈተላት። የመስታወቱን አንሥታ የፕላስቲኩን በቦታው ስታስቀምጥ ሰውየው ተጠግቶ አየ። «ይሄማ ሌላ ነው።»

«ለጎብኚ ዓይን አንድ ነው» አለችው። ይህን ስትናገር በራሷ ላይ እንደቀለደች የገባው ለእሷ ብቻ ነበር።

ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ከወንበሯ አልተነሣችም። በመጀመሪያ የመስታወቱን ማጣሪያ አሻግራ በካሜራው አየችው፤ ካርዱ በስክሪኑም ላይ ጨለመ። ከዚያ ስድስቱን ክሪስታሎች አንድ በአንድ ለካች፤ እያንዳንዱን አውጥታ፣ መልሳ አስገብታ፣ ደግማ። እጇ አልቸኮለም። ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስት እያሉ ቁጥሮቹ ልክ እንደ ተኮለኮሉ ተማሪዎች ጎን ለጎን ተሰለፉ። የምሳ ደወል ሲደወል ሰማችው፤ ግን አልወረደችም። በቀረው ጊዜ የሁለት ወሩን መዝገብ ገልጣ በፕላስቲኩ በኩል ያለፈውን ሁሉ መዘገበች። ከአጎቷ ስድስት ሌላ ዘጠኝ ክሪስታሎች ነበሩ፤ አዳዲስ ዓይነቶች፣ ማንም ከዚህ በፊት ለክቷቸው ስለማያውቅ ቁጥራቸው ያነሰ መሆኑን የሚያሳብቅ ነገር ያልነበራቸው። አራቱ «ደካማ» ተብለው ለአምራቾቻቸው ተመልሰዋል። የአራቱን አምራቾች አድራሻ በንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ከአንደኛው አድራሻ ሥር ደብዳቤውን ጀመረች፤ «የላክንልዎ ቁጥር የተሳሳተ ነው» የሚለውን የመጀመሪያውን መስመር ሳትሰርዝ ጻፈችው።

የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ወረቀቱን፣ እስክሪብቶውንና አንድ ጠርሙስ ውኃ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ ነበር። አጎቷ የታጠበና የተተኮሰ የሥራ ካፖርት ለብሶ ተቀምጧል፤ የወርክሾፑ ቁልፍ ከፊቱ ነው። ስትገባ ቀና አላለም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበርና እሷ በሩ ላይ ሆና ተናገረች።

«ይቆዩ፣ ጋሼ። ዶክተር፣ ቁጥሩ ስህተት ነው።»

«የትኛው ቁጥር?»

«የኔ።»

ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በቀይ ለክታ ክሪስታሉን ጤነኛ ሆኖ እንዳገኘችው፣ ፕላስቲኩ ኢንፍራሬድ እንደሚያፈስ፣ በመስታወቱ ስትለካ ስድስቱም ሁለት መቶ አሥራ አራት አካባቢ እንደሆኑ በአምስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ስድስተኛ አልጨመረችም። ኃላፊው አነበበ፣ መልሶ አነበበ፣ ጠርሙሱን ከፍቶ ሳይጠጣ ዘጋው።

«ጥሩ» አለ። «እንግዲያው ‹መሣሪያው ዳግም ተስተካክሎ በተደረገ ልኬት› ብለን በአንድ መስመር እንዝጋው። ማንንም አይነካም።»

«መሣሪያው ምንም አልሆነም፣ ዶክተር። በዓይኔ ፈትሼ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው ይጻፍ።»

«እንደዚያ ከተጻፈ የበፊቶቹም ይጠየቃሉ። ገብቶሻል?»

«ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አሉ። አራቱን መልሰናል፤ ደብዳቤያቸውን ጀምሬዋለሁ።»

ኃላፊው ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ አየ። «የመስታወቱን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን እንደ ወረቀት እያጠፈ። «ይህም ይጻፋል?»

«የሆነው ሁሉ ከነቀኑ ተጽፏል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ለንብረት ክፍልም እንዲሁ አንድ።»

 አጎቷ የመጀመሪያውን ወረቀት በሁለት ጣቱ ወደ ራሱ ሳበና መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። «ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለ። «መጽሐፉ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ነው የሚለው። የጎደለው ሃያ አንድስ?»

«እሱ የብርሃኑ ነው፣ ጋሼ። መጽሐፉ የሚለው የቀዩን ነው፤ ከቀይ ወደ ኢንፍራሬድ ሲወረድ ቁጥሩም ይወርዳል። እሱ የእርስዎም አይደለም፣ የኔም አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶውን ገጥሞ ወደ ኃላፊው ገፋለት፤ ቁልፉን አንሥቶ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ «በሉ እንግዲህ» ብሎ ወጣ። 

ከሥራ ሲወጡ በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ይህ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሁለቱንም እሱ ከፈለ፤ የቲኬቱ ዋጋ ከትናንት በስቲያ ጨምሮ ስለነበር መልስ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ መልስ እንደሌለው ሲገባው ቲኬቶቹን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። አራት ፌርማታ አለፈ፤ እሱ መስኮቱን ያያል፣ እሷ በመስኮቱ ላይ የሱን ፊት ታያለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ደጋግማ መዝናው ነበር፤ በእሱ ፊት ትንሽ ሆኖ ይታያታል።

«ይቆጡኝ፣ ጋሼ» አለችው።

 «ሰሙን ያቀለጥኩት በሃምሳ አራት ዲግሪ ነው» አለ ቆይቶ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሣ። «ጽፌዋለሁ። የጻፍኩትን እያየሁ፣ ሃምሳ አራት መስሎኝ ስድሳ አራት አይቼ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ደህናውን እጅ፣ አላምነው ብዬ አንቀጠቀጥኩት።»

«ለምን አልጠየቁኝም? የበፊቱን ለኪ ሦስት ጊዜ ያስደግሙት ነበር አሉ።»

«እሱን አላምነውማ!»

«እኔን አምነው ምን አተረፉ?»

አጎቷ ዞሮ አያት። ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣና ሳይወጣ ተመለሰ። «ምላስሽ የእናትሽ ነው» አላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ይጠይቁኝ» አለችው። «እንደማንኛውም ሰው።»

አውቶቡሱ ቆሞ ሰው አራገፈ፣ ሰው ጫነ። ሁለት ዘንቢል የያዘች ሴት ከፊታቸው ተቀመጠች። አጎቷ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ቮልት ቆጣሪው መቼ ነው የተፈተሸው?»

«ከአራት ወር በፊት።»

«ማን ፈተሸው?»

«እኔና የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሰውዬ።»

«ሰውዬው ቆሞ ነበር ወይስ ፈርሞ ሄደ?»

«ግማሹን ቆሟል።»

«ግማሹን!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የክፍሉን ሙቀትስ በምን ታያለሽ?»

«ግድግዳው ላይ ባለው ቴርሞሜትር።»

«የምትለኪው ግድግዳውን ነው ክሪስታሉን?»

 «ክሪስታሉን» አለች። «ነገ አጠገቡ አደርገዋለሁ።»

ዘንቢል የያዘችው ሴት ዞር ብላ ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከተቻቸው። «አባትና ልጅ ናችሁ?» አለች። «በሰው ፊት አትጨቃጨቁ እንጂ፤ ቤታችሁ ስትገቡ ይደርሳል።»

«አልተጣላንም፣ እህቴ» አላት አጎቷ በትሕትና። «ሥራ ላይ ነን።» ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ተመለሰ። «የመስታወቱን ስታነሺ በጣትሽ ነክተሽዋል?»

«ጓንት አድርጌ ነበር።»

«አይቼሻለሁ?»

«አላዩኝም።»

«እንግዲያው ነገ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አያለሁ» አለ፤ እሱ የሚቀጥለውን ጥያቄ፣ እሷ መልሱን እያሰቡ ሳለ አውቶቡሱ ፌርማታቸውን አልፎ ሄደ።